የፊልም ተማሪዎች ቦታን ሲማሩ



በሱዳን አገር አርካዊት የሚባሉ ሁለት ስፍራዎች አሉ። አንደኛው በካርቱም ከተማ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ሁለተኛው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በቀይ ባሕር አጠገብ ባሉት ተራሮች ላይ የተቀመጠ፣ ከባሕሩ የሚነሣው ጉም የሚያለመልመው ደጋማ መንደር ሲሆን፣ በእንግሊዞች ዘመን የበጋን ሙቀት የሚሸሹ ሹማምንት ያርፉበት ነበር። የካርቱሙ ነዋሪ የሰፈሩን ስም በጠራ ቁጥር፣ ሳያስበው የባሕሩን ጠረፍ ተራራ ስም ይጠራል። ሆኖም ስሙን የሚጠራ ሁሉ ተራራውን አይቶታል ማለት አይደለም።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተውም ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። ፊልም መሥራት የሚማሩ ወጣቶች ከትምህርት ቤታቸው ግቢ ወጥተው በአንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ ለልምምድ ፊልም በሚያነሡበት ጊዜ ምን ይማራሉ? ከተመለሱስ በኋላ ስለ ሥራቸው አስበው ሲነጋገሩ ምን ያተርፋሉ? በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

ነገሩ የሲኒማ ትምህርት ቤቶችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ነገሩን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። እጩው መምህር የትምህርቱን ዝግጅት በንጹሕ ደብተር ጽፎ፣ ጊዜውን በደቂቃ ከፋፍሎ፣ ጥያቄውንና መልሱን አስቀድሞ አሰናድቶ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያም ገና ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ሕፃን ያልታሰበ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ዝግጅቱ በዚያች ደቂቃ ይፈርሳል፤ መምህርነቱም፣ የሚጀምር ከሆነ፣ በዚያችው ደቂቃ ይጀምራል። የፊልም ተማሪም ካሜራውን ይዞ ወደ ከተማ ሲወጣ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ልዩነቱ ያልታሰበውን ጥያቄ የምትጠይቀው ከተማዪቱ ራሷ መሆኗ ነው።

የባሕር ጠረፍ ከተማ ደግሞ ለጀማሪ ፊልም ሠሪ ትልቅ ፈተና ናት። ገና ከመኪናው ሲወርድ ውበቷ ዐይኑን ይይዘዋል። ሰማዩ ሰፊ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ መርከቦቹ ግዙፍ ስለሆኑ፣ ካሜራውን ወዴትም ቢያዞር የሚያምር ሥዕል የሚያገኝ ይመስለዋል፤ ያገኛልም። ማታ የቀረጸውን ቁጭ ብሎ ሲመለከት ግን በእጁ የገባው በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው ዓይነት ሥዕል እንጂ ታሪክ አለመሆኑን ይረዳል። ያንን ሥዕል ከርሱ በፊት ሺህ ሰው አንሥቶታል።

ከውበቱ ሌላ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያልነበሩ ችግሮችም ይመጣሉ። በክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ድምፅ፣ የባሕሩ ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታው የሚያጉረመርም ጩኸት ይሆናል፤ ለዚህም ማይክሮፎኑን የበግ ጠጉር በመሰለ ሽፋን ማልበስ ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ የፀሐይዋ ብርሃን ከላይ፣ ነጸብራቋም ከውሃው ስለሚመጣ፣ ባሕሩን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ጠቁሮ ይቀራል። ጧት የተጀመረ ትዕይንት ከቀትር በኋላ ሲፈጸም፣ ጧት ወደ ምዕራብ ያጋደለው ጥላ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይገኛል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ የማይገጥም ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ካሜራ እርጥበት ባለው የጠረፍ አየር ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ወዲያው ላብ ይለብሳል፤ ጨው ያዘለው አየርም የብረቱን መገጣጠሚያ ይበላል። እነዚህን ሁሉ መጽሐፍ ይነግራል። ሆኖም ከመጽሐፍ ያነበበው ተማሪ እንኳ፣ ሌንሱ ላብ ለብሶበት ተዋናዮቹን በፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት እስካላስጠበቀ ድረስ ነገሩን ዐወቀው አይባልም።

በተራራው አርካዊት አቅራቢያ ያለችው ትልቅ የጠረፍ ከተማ ፖርት ሱዳን ናት። እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጥንቱን የሱዋኪንን ወደብ እንድትተካ የቈረቈሯት ስትሆን፣ ባሕሯን የዓለም ሲኒማ ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። በ1963 ፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪ ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን ማዶ፣ ሻዕብ ሩሚ በተባለው የኮራል ድንጋይ አጠገብ፣ 10 ሜትር ያህል ከውሃው በታች ቤት ሠርተው ሰዎች አንድ ወር ያህል እንዲኖሩበት አደረጉ። ከዚያ የተገኘውም «ፀሐይ የሌለው ዓለም» የተባለው ፊልም በ1964 ታይቶ የአሜሪካን የፊልም አካዳሚ የዘጋቢ ፊልም ሽልማት አገኘ። ፊልሙ ድንቅ ነው። ነገር ግን የሚናገረው በባሕሩ ሥር ስለ ሰፈሩት ሰዎች ነው እንጂ በወደቡ ላይ ጆንያ ስለሚሸከሙት አይደለም። ኩስቶ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ የሄዱት ለሌላ ሥራ ነው። መርከብና የጠላቂ ልብስ የሌለው ተማሪ ግን የኩስቶን ዓይነት ፊልም ተመኝቶ ወደ ጠረፍ ከወረደ፣ ያለውን ሀብት ሳያውቅ ይመለሳል። ሀብቱም እግሩ፣ ጆሮውና አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ይህን ከማንም ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የአንድ የጎንደር ልጅ ታሪክ ነው። ቦታዋም ሌላ የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሎስ አንጀለስ ናት።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ሲሆኑ፣ ቴአትር እየጻፉ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ልጁ ግን ከአባቱ ቴአትር ሌላ የውጭ አገር ሲኒማም ያይ ነበር። ኃይሌ ካደጉ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ የታርዛንን ፊልም በሚመለከቱበት ጊዜ አፍሪካውያኑ በስተኋላ መጥተው ታርዛንን ሊይዙት ሲቃረቡ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። መምህራን ይህን ነገር አንድ አፍታ ቆም ብለው ቢያስቡበት መልካም ነው። ጥቁር ሕፃናት በጥቁር ሕዝብ አገር ተቀምጠው፣ በሸራው ላይ ራሳቸውን ሳያውቁት ቀሩ። አይተውት በማያውቁት ጫካ ውስጥ ያለውን ነጭ ሰው ግን ወዳጃቸው አደረጉት።

ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ በቺካጎ ከተማ ቴአትር ተማሩ፤ በ1970 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ዩኒቨርሲቲው ከሰላማዊው ውቅያኖስ ጠረፍ ብዙ አይርቅም። ሆሊውድም በአቅራቢያው ነው። አንድ የፊልም ተማሪ ባሕሩንና ሆሊውድን ትቶ ሌላ የቀረጻ ቦታ ይፈልጋል ብሎ ማን ይገምታል? ነገር ግን በዚያን ዘመን በዩኒቨርሲቲው የተሰበሰቡት ጥቁር ተማሪዎች ካሜራቸውን ያዞሩት ወደ ደቡቡ የከተማዪቱ ክፍል፣ ዋትስ ወደሚባለው ሰፈር ነበር። ዋትስ በነሐሴ 1965 ለስድስት ቀን በቆየ ዓመፅ 34 ሰዎች የሞቱበት የድኾች ሰፈር ነው። የጠረፉን ፀሐይና አሸዋ ለመዝናኛ የሚመጣው እንግዳ ያየዋል። ዋትስን ግን የሚያየው በዚያ የሚኖርና ሊሰማው የሄደ ብቻ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ጊዜ፣ ብዙ ሳይማር፣ አንድ አጭር ፊልም ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አንሥቶ፣ ራሱ ቈርጦና ቀጥሎ እንዲያቀርብ ይደረግ ነበር። ይህም የመጀመሪያ ሥራ በጓደኞቹና በመምህራኑ ፊት ታይቶ ይተቻል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ሥርዓት ከዚህ የተገለበጠ ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ ሁሉን ይማር፣ ከዚያ በኋላ ይሥራ ይባላል። ሁሉን ተምሮ የሚጨርስበት ቀን ግን አይደርስምና፣ ሥራው ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል።

ኃይሌ በተማሪነታቸው ከሠሯቸው ፊልሞች መካከል ለዚህ ንግግር ከሁሉ የሚጠቅመው በ1975 የተጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» ነው። ታሪኩ በዋትስ የምትኖር፣ ከመንግሥት በሚሰጣት ድጎማ ልጇን የምታሳድግ፣ ባልዋ ባልሠራው ወንጀል የታሰረባት ዶሮቲ የምትባል ሴት ታሪክ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ፊልም በጎዳና ላይ በሚያነሡበት ጊዜ የከተማው ፖሊሶች አስቁመው ፈተሿቸው። ጥቁር ወጣቶች የፊልም ዕቃ ይዘው መታየታቸው አጠራጥሮ ነበር። ካሜራው ግን ይሠራ ነበርና ፍተሻው ተቀረጸ።

እዚህ ላይ የብዙ ተማሪ ፍርድ የታወቀ ነው። የቀኑ ሥራ ተበላሸ፣ ጊዜ ጠፋ፣ ፊልም ባከነ ብሎ ያንን ቁራጭ ይጥለዋል። ኃይሌ ግን አልጣሉትም። ፍተሻው «ቡሽ ማማ» የሚከፈትበት ትዕይንት ሆነ፤ ተመልካቹ የዶሮቲን ኑሮ ከማየቱ በፊት እርሷ የምትኖርበትን ጎዳና፣ ያለ ተዋናይና ያለ ጽሑፍ፣ እንደ ነበረ ያየዋል። በወረቀት ላይ ከተጻፈው መክፈቻ ሁሉ ይልቅ ቦታው ራሱ የሰጠው መክፈቻ በለጠ። በእርግጥ ከዚህ ተነሥቶ የተበላሸ ቀረጻ ሁሉ ሀብት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። አብዛኛው የተበላሸ ቀረጻ የተበላሸ ብቻ ነው፤ ሰነፍ ተማሪም ስንፍናውን የቦታው ድምፅ ነው እያለ ሊሸፍንበት አይገባም። ችሎታው የሚታየው አንዱን ከሌላው በመለየት ላይ ነው፤ ይህም የሚለየው በጥድፊያው ቀን ሳይሆን በኋላ፣ ተቀምጦ ደጋግሞ በማየት ነው።

ከ«ቡሽ ማማ» ካሜራ አንሺዎች አንዱ ቻርልስ በርኔት የሚባሉ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። በርኔት ራሳቸው በዋትስ ያደጉ ሲሆኑ፣ የመመረቂያ ፊልማቸውን «የበግ አራጁ»ን ያነሡት በየሳምንቱ መጨረሻ፣ በሰፈራቸው፣ በአብዛኛው ሙያ በሌላቸው ሰዎች ነው። የሰፈሩም ልጆች ሲያዩ ብቻ እንዳይቀሩ በሥራው ላይ እንዲያግዙ አድርገዋቸዋል። በፊልሙ ውስጥ አንድ ቀን ቤተሰቡና ጓደኞቹ ከሰፈራቸው ወጥተው ለመዝናናት በመኪና ይነሣሉ፤ በመንገድ ላይ ጎማ ይፈነዳል፤ ትርፍ ጎማ ስለሌላቸውም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሰዎቹ ከሰፈራቸው ሊወጡ አለመቻላቸውን ለማሳየት ከዚህ የሚበልጥ ንግግር አያስፈልግም። ይህን ትዕይንት ሊያስብ የሚችለው ትርፍ ጎማ የሌለውን መኪና የሚያውቅ ሰው ነው። ፊልሙ በ1990 የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለዘለዓለም እንዲጠበቁ ከመዘገባቸው ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ እርሳቸውም መምህር ናቸውና በዚህ መድረክ ሳይነሡ ቢታለፉ ነውር ይሆናል። ተሾመ ገብርኤል በ1939 በጢቾ ተወልደው፣ በ1962 ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ከ1974 ጀምሮ በ2010 እስካረፉ ድረስ በዚያው በሎስ አንጀለስ የሲኒማ ትምህርት አስተማሩ። በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው «ሦስተኛው ሲኒማ በሦስተኛው ዓለም» የአፍሪካን፣ የእስያንና የላቲን አሜሪካን ፊልሞች ተማሪዎች የሚመረምሩበትን መንገድ ከፈተ። ከአርሲ ገጠር የተነሣ ሰው በሆሊውድ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ከሆሊውድ ሌላ ሲኒማ እንዳለ ሠላሳ ስድስት ዓመት ማስተማሩ፣ በመምህርነት ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኃይሌ ግን ከዋትስ የተማሩትን ይዘው ወደ አገራቸው መጡ። በ1974፣ ገና ከትምህርት ቤቱ ሳይለዩ፣ በኢትዮጵያ ገጠር «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን የአማርኛ ፊልም አነሡ። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ በአንድ ባለ ርስት እጅ የሚቀበለውን መከራ የሚያሳይ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቀረጻው የተፈጸመው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው፤ ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ካሜራውን የያዙት የኃይሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ ኤሊዮት ዴቪስ ናቸው። ይህ ፊልም በ2006 በቦሎኛ ከተማ ታድሶ ለአዲስ ትውልድ እንዲታይ ተደርጓል።

በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ማድረግ ይጠቅማል። በ16 ሚሊሜትር ፊልም 400 ጫማ የሚሆነው ጥቅል የሚሠራው 11 ደቂቃ ያህል ነው፤ 100 ጫማውማ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም፣ አንዱም ትዕይንት ሳይደገም ቢነሣ፣ 14 ትላልቅ ጥቅሎች ይፈልጋል። ጥቅሉ በገንዘብ ይገዛል፤ ታጥቦ እስኪወጣም ድረስ ምን እንደ ተነሣ አይታይም። ስለዚህም የዚያን ዘመን ተማሪ ካሜራውን ከማስነሣቱ በፊት ረጅም ጊዜ ቆሞ ይመለከት ነበር። የዛሬው ተማሪ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከጧት እስከ ማታ ያለ ወጪ ይቀርጻል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ የድኻ ልጅ ፊልም ሠሪ ሊሆን የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሁሉን መቅረጽ የቻለ ተማሪ ምንም ሳይመለከት ሊውል ይችላል። አንዳንድ መምህራን ለዚህ ጥሩ መድኀኒት አግኝተውለታል፤ በመጀመሪያው ቀን ተማሪው ካሜራ ሳይዝ ወደ ቦታው እንዲሄድ፣ በአንድ ስፍራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በደብተር እንዲጽፍ ያዝዙታል። በሁለተኛው ቀን ካሜራ ይሰጠዋል፤ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይቀርጽ ይከለከላል።

ስለ ተመለሱ ተማሪዎችም አንድ ነገር መባል አለበት። ከቀረጻ የተመለሰ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያወራው ስለ ዕድሉ ነው፤ ነፋሱ በረታብን፣ ዘበኛው ከለከለን፣ ባትሪው አለቀ፣ ልጆች ካሜራው ፊት ተሰበሰቡብን ይላል። መምህሩ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሊሰማ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ነው። ልጆቹ በተሰበሰቡ ጊዜ ካሜራው ወዴት ዞረ? ዘበኛው ሲከለክላችሁ ምን አላችሁት፣ እርሱስ ምን አለ? ዓሣ የሚሸከመውን ሰውዬ ስታነሡት ፈቃዱን ጠይቃችሁት ነበርን? ፊልሙን ተመልሳችሁ ታሳዩታላችሁን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያጣ ተማሪ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከከተማዪቱ ሰዎች አንድ ነገር ሳይጠይቅ ወስዶ የመጣ ነው። ድኻ ሰው ፊቱን ሊያነሡበት ሲመጡ እምቢ የማለት ልማድ የለውም፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ካሜራ ደግኖ ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ያፍራል። ተማሪው ይህን ኀፍረት እንደ ፈቃድ እንዳይቆጥረው ማስተማር የመምህሩ ግዴታ ነው። የሌንሱን ላብ መጥረግ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ቀላል ትምህርት ነው።

ይህ ሁሉ የሰላም ጊዜ ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ከጠረፍ ተመልሶ የካርቱምን ታሪክ ይመልከት።

ካርቱም ለሲኒማ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ጋዳላ ጉባራ በ1955 የካርቱምን ኑሮ በቀለም ፊልም ቀርጸዋል። ኢብራሂም ሻዳድ በምሥራቅ ጀርመን በፖትስዳም ባቤልስበርግ ተምረው፣ በ1964 የመመረቂያ ፊልማቸውን በብራንደንቡርግ ጫካ ውስጥ አነሡ፤ የከብት ጠባቂ ፊልም መልክ ሰጥተው ስለ ዘር ጥላቻ ተናገሩበት። ሱዳናዊ ተማሪ በጀርመን ጫካ፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአሜሪካ ድኾች ሰፈር ማለት ነው። ሻዳድና ጓደኞቻቸው በ1989 የሱዳንን የፊልም ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የመጣው የወታደር መንግሥት ሥራቸውን አገደው። እነዚሁ ሽማግሌዎች ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲደክሙ የሚያሳየው «ስለ ዛፎች መናገር» የተባለው የሱሐይብ ጋስመልባሪ ፊልም በ2019 በበርሊን ተሸለመ። በ2010 ደግሞ ታላል አፊፊ የሱዳንን የፊልም ፋብሪካ አቋቁመው ወጣቶች በካርቱም ፊልም መሥራትን እንዲማሩ በር ከፈቱ።

በዚህ በር ከገቡት ወጣቶች መካከል አናስ ሰዒድ፣ ራውያ አልሐጅ፣ ኢብራሂም ስኑፒና ቲሚያ አሕመድ የሚባሉ አራት ጀማሪዎች፣ ከእንግሊዛዊው ፊል ኮክስ ጋር ሆነው በ2022 ስለ ከተማቸው አንድ ፊልም ጀመሩ። ዕቃቸው ስልክ ነበር። የመረጧቸውም ሰዎች የታወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንድ በሰፈር የተቃውሞ ኮሚቴ የሚያገለግል ወጣት፣ በጎዳና ላይ ጠርሙስ የሚለቅሙ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሻይ ሻጭዋ በካርቱም ጎዳና ላይ ምን ማለት እንደ ሆነች በዚያች ከተማ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል፤ በዝቅተኛ በርጩማ ዙሪያ ሹሙም ተማሪውም ጎን ለጎን የሚቀመጡት በእርሷ ዘንድ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም በዚሁ ሥራ ኖረውበታል። ጀማሪዎቹ ካሜራቸውን ያስቀመጡት በዚህ ቦታ ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያው ነበርና፣ በዙሪያው ያሉት ሰፈሮች በአንድ ቀን ውስጥ የጦር ሜዳ ጎረቤት ሆኑ። ከነዋሪው እልፍ አእላፍ ሕዝብ የያዘውን ይዞ ወጣ። ብዙዎቹ ያመሩት ወደ ባሕሩ ጠረፍ ነበር፤ ፖርት ሱዳንም የስደተኛ መጠለያና የመንግሥቱ መቀመጫ ሆነች። በሌላ ጊዜ ተማሪዎች ለልምምድ ሊወርዱበት ይችሉ የነበረው የጠረፍ ጎዳና፣ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ የሚወርድበት ጎዳና ሆነ። ፊልም ሠሪዎቹና የፊልሙ ሰዎችም ተበታተኑ፤ በመጨረሻ በናይሮቢ ከተማ ተገናኙ።

ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር፤ የሚነሣበት ከተማ ግን ከእጃቸው ወጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይደረጋል? በናይሮቢ በአንድ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ መጋረጃ ዘረጉ። በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት የተነሣ ሰው በኋላ በማቀናበሪያው መኪና አረንጓዴው ተነሥቶ ሌላ ሥዕል በስተኋላው እንዲገባ ይደረጋል፤ ንግድ ፊልም ሠሪዎች በዚህ ዘዴ ሰው በሰማይ ሲበር ያሳያሉ። የካርቱም ልጆች ግን በዚህ ዘዴ ሰዎቹን ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ሻይ ሻጭዋ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወጣቱና ሁለቱ ልጆች በዚያ መጋረጃ ፊት ቆመው ጦርነቱ የጀመረበትን ቀን፣ የሸሹበትን መንገድና ያዩትን ሁሉ እንደገና በራሳቸው አካል አሳዩ።

የፊልም መምህር ይህን ሲያይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። አረንጓዴ መጋረጃ ራሱ ምንም የለውም፤ ሰው በስተኋላው የሚያኖርለትን ብቻ ነው የሚያሳየው። በ2022 ሥራው ከመዘግየቱ የተነሣ፣ ወይም ጀማሪዎቹ በሚገባ እስኪሠለጥኑ ይጠብቁ ተብሎ፣ ያ የልምምድ ቀረጻ ሳይደረግ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሰላሙን ካርቱም በእነዚህ ወጣቶች ዐይን ማየት አይቻልም ነበር። በስልክ የተነሡት እነዚያ ጎዳናዎች፣ እነዚያ ፊቶች፣ የሻይዋ ከሰልና ብርጭቆ፣ በጥንቃቄ ጉድለት የተንቀጠቀጡትም ሥዕሎች ጭምር፣ ሰዎቹ ሊመለሱባት የማይችሉባት ከተማ ማስረጃ ሆኑ።

ፊልሙ «ካርቱም» ተብሎ በጥር 2025 በአሜሪካ በሳንዳንስ፣ በየካቲትም በበርሊን ታየ። በዚያን ጊዜ አርካዊት ገና ጦርነቱ ያልራቀው ሰፈር ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ሻይ ሻጭዋ ውሃ ጥዳ ደንበኞቿን ትጠብቃለች፣ ሁለቱ ልጆችም ጆንያቸውን ተሸክመው በጎዳናው ጠርሙስ ይፈልጋሉ።